ያጸዳሁት ሰማይ

ያን ጊዜ እንጀራዬ ነጭ ነጥብ ማጥፋት ነበር። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ኮልፌ ዋናው መንገድ ዳር በነበረች አንዲት ፎቶ ቤት ጓዳ፣ መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ ሁለት ሦስት ጠጉር ብቻ የቀረላትን ብሩሽ ጥቁር ቀለም ውስጥ እየነከርኩ ስደፍን እውላለሁ። ፊልም ላይ አቧራ ካረፈ ወረቀቱ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ጠጉር ካረፈበት ነጭ መስመር ይሆናል። ሙሽራ ደግሞ ግንባሯ ላይ ነጥብ ያለበትን ፎቶ አትቀበልም። ፎቶ ቤቶች ሥራውን ሪታች ይሉታል። እናቴ ስትጠይቀኝ ግን «ከሰው ፊት ላይ ጉድፍ እለቅማለሁ» ነበር የምላት።

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ግን ዓይን፣ የማይንቀጠቀጥ እጅና ቂም የመሰለ ትዕግሥት ነው። ባለቤቱ ጋሼ የምላቸው ሽበታም ሰው ነበሩ። ጨለማ ክፍላቸው ገብተው ፎቶውን ያጥቡና ጠዋት ከጀርባው ቁጥር ብቻ ጽፈው ከፊቴ ይቆልሉታል። የማን እንደሆነ አይነግሩኝም፤ እኔም አልጠይቅም። «ነጥብ ያለበት ፎቶ ከዚህ ቤት አይወጣም» ይሉ ነበር። እውነትም አይወጣም ነበር።

አሁን ወደ መምህሩ ልምጣ።

ከአጥራችን ጀርባ ባለው ግቢ አንድ ወንደላጤ መምህር ክፍል ተከራየ። ሳይንስ ያስተምራል ተባለ። ቀጭን፣ ሰላምታው አጭር፣ ሲሄድ ከእግሩ ሥር ሳይሆን ከጣሪያ በላይ የሚያይ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ወር ምንም አላልንም። በሁለተኛው ወር ክንድ ተኩል የሚሆን የላሜራ ቱቦ ተሸክሞ መጣ። በአንዱ ጫፍ ወፍራም መስታወት፣ በሌላው ጫፍ ካሜራ ገጠመበትና በሦስት አጠና ላይ አቆመው። ፀሐይ እንደጠለቀች ይወጣል፣ ቱቦው ሥር ይንበረከካል፣ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ይጽፋል፣ ይገባል። የሰፈሩ ሰው ዕቃውን «መድፉ» አለው።

ግቢያችን ደግሞ መታጠቢያ ቤት የለውም። እኛ ሴቶቹ የምንታጠበው ልጆቹን አጥበን ከጨረስን በኋላ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ አጥሩ ጥግ ባኞ አስቀምጠን ነው። ማለትም ልክ መድፉ በሚወጣበት ሰዓት።

ከማዶ ያለችው እትዬ፣ ምላሷ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ጎረቤቴ፣ «አንቺስ ዕድለኛ ነሽ፤ ፎቶ ቤት ሳትሄጂ በነጻ ትነሺያለሽ» አለችኝ።

«ያንቺም ይደርስሻል» አልኳት፤ «ብቻ ያንተን ነጥብ ስደፍን ቀለም አለቀብን ብለው ጋሼ እንዳያባርሩኝ።»

«ያንተን?»

«ያንቺን ማለቴ ነው፤ ተናድጄ አፌ ስቶ ነው።»

ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። በማግስቱ አራት ክንድ አቡጀዲ ገዝቼ አጥሩ ላይ በሚስማር ሰቀልኩ።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአቡጀዲው ያበቃ ነበር። ግን ሌላ መጣ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠጅ ቤት ውስጥ ስለ ኑሮ መክበድ ሁለት ቃል ተናግሮ መጣ። ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ተጠራ፣ ሲመሽ ተመለሰ። የተናገራትን ቃል በቃል አንብበውለታል። በዚያ ዘመን ጆሮ ጠቢ የሚባል ሰው በየሰፈሩ ነበር፤ የሰማውን ለመንግሥት የሚያደርስ፣ አብሮህ የሚበላ ሰው ማለት ነው። ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ማንም ሊሆን ይችላል። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቱ በሹክሹክታ ማውራት ጀመረ። ጨው አቀብዪኝ ሲል እንኳ ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሰፈራችን ውስጥ አዲስ ሰው ማን ነው? ደብተር ይዞ የሚወጣ ማን ነው? ሰው የማያየውን የሚያይበት ዕቃ ያለው ማን ነው?

«ጠጅ ቤቱ ውስጥ እኮ አልነበረም» አለኝ ባለቤቴ፣ በዚያ በሹክሹክታው።

«ቱቦው ነበረ» አልኩት።

የወሩ የእድር ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። ሴት በዚያ ጉባኤ ብዙ አትናገርም ነበር፤ እኔም ብዙ አልተናገርኩም። «አንድ ሰው ሌላውን የሚያይ ከሆነ ሌላውም እሱን ማየት አለበት። ይህ ሰው ሁልጊዜ ፎቶ ያነሣል። ያነሣውን አይተን እናውቃለን?» አልኩ። ሰው አጉረመረመ። የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ሃምሳ አለቃ እንላቸዋለን። መምህሩን ከኋላ ጠርተው ከፊት አቆሙት።

«የማነሣው ሰማይ ነው» አለ።

«ሰማይ ምን አደረገህ?» አለች የማዶዋ እትዬ።

«ሳተላይት የሚባል ነገር አለ። ሰው ሠርቶ ወደ ላይ የላከው ነው፤ መሬትን ይዞራል። ምሽት ላይ በላያችን ያልፋል። ኮከብ ይመስላል፣ ግን ይሄዳል። ይጠፋልም። እሱን ሲጠፋ በፎቶ ለመያዝ ነው የምሞክረው።»

«የአሜሪካ ነው የሩስያ?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ሁለቱም አላቸው።»

ይህ መልስ አልጠቀመውም። ከሁለት መንግሥት ጋር የሚሠራ ሰው አስመሰለው።

ሃምሳ አለቃ ፈረዱ። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ያነሣውን ይዞ ይቅረብ። ሰማይ ከሆነ ሰማይ ነው። ካልሆነ ከእድሩ ይሰረዛል፣ አከራዩም ክፍሏን ታስለቅቀዋለች። ከእድር መሰረዝ በኛ ሰፈር ቀላል ነገር አልነበረም። ብትሞት ድንኳን የሚተክል፣ ብትታመም በርህን የሚያንኳኳ የለም ማለት ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ደግሞ ከገጠር ያመጣት ታማሚ እናቱ ተኝታ ነበር። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። ሳሏ አጥሩን አልፎ ይሰማን ነበር።

ፍርዱ ትክክል መሰለኝ። ማስረጃ መጠየቅ ግፍ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወር ስታዘበው ከረምኩ። ምሽት ምሽት በአቡጀዲው ቀዳዳ አየዋለሁ። ቱቦው ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው፤ ግን እኔ ስመጣ አዙሮት ቢሆንስ? አንድ ቀን ቀና ብሎ ወደ አጥሩ ሲያይ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ሌላ ቀን አጨብጭቦ ሲስቅ ሰማሁት፣ ብቻውን። ብቻውን የሚስቅ ሰው ጥሩ ነገር አይቶ አይደለም አልኩ።

ስብሰባው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ጋሼ ከቆለሉልኝ ፎቶዎች መካከል አንድ ጉድ ወጣ። ሙሉው ጥቁር ነው። በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ እንደ ጤፍ ተበትኖበታል፣ በመሐሉ ደግሞ ቀጭን ነጭ መስመር አልፎበታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አቧራ በዝቶበታል» አሉ ከበር ላይ ሆነው። «ደንበኛው ‹አደራ ተጠንቅቀው ይጠቡልኝ› ብሏል። ደህና አድርገሽ አጽጂው።»

አጸዳሁት። አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ። በዚያ ቤት እንደዚያ ዓይነት ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ነጥቦቹን አንድ በአንድ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ ሊታዩ የማይችሉትን ሳይቀር ደፈንኩ። መስመሩን ለመጨረሻ አስቀረሁት። እዚያ ላይ አንድ ነገር ትንሽ ከነከነኝ። ጭረት ከሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ጠጉር ከሆነ ይጣመማል። ይህ ግን ከዳር ተነሥቶ ቀጥ ብሎ መጥቶ መሐል ላይ እየሳሳ፣ እየሳሳ ጠፋ። የበላው ያለ ይመስላል። ምን አገባኝ ብዬ እሱንም ደፈንኩት። ስጨርስ ወረቀቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። ጋሼ አዩትና «በእጅሽ በረከት አለ» አሉኝ። ኮራሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ ሳለሁ የመምህሩን ድምፅ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ባዶ ነው።»

«ባዶ አይደለም፣ ንጹሕ ነው» አሉ ጋሼ።

«ኮከቦቹስ? እዚህ ላይ መስመር መኖር ነበረበት።»

«ልጄ፣ ያመጣህልኝን ነው ያጠብኩት። ካሜራህን አስመርምር።»

«ተጠንቅቀው ብዬዎት ነበር።»

«ተጠንቅቄአለሁ! እስቲ አንድ ነጥብ አሳየኝ!»

ብሩሹን አስቀምጬ ጆሮዬን ወደ መጋረጃው አስጠጋሁ።

መምህሩ ሲያመጣው የሰማይ ፎቶ ነው ብሎ አልተናገረም ነበር። ለምን እንዳልተናገረ ወዲያው ገባኝ። በሰፈሩ ውስጥ ያንን ቃል ሲናገር ምን እንደተከተለው ያውቃል። ፈርቶ ዝም አለ። ጋሼ አላወቁም፣ እኔም አላወቅሁም።

«ነገ እኮ ነው ስብሰባው» አለ። «ሌላ ፊልም የለኝም።» ከዚያ በሩ ተዘጋ።

በመጀመሪያ የመጣልኝን ሐሳብ አልደብቅም። ዝም ብል ነገሩ ያልቃል የሚል ነበር። ነገ ጥቁር ወረቀት ይዞ ይቆማል፣ ሰው ይስቅበታል፣ ክፍሉን ይለቃል፣ አቡጀዲዬን አወርዳለሁ፣ ባለቤቴም ምናልባት ድምፁን ያገኛል። ሁለተኛው ሐሳብ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር። ምናልባት ሁሉንም ያቀነባበረው እሱ ቢሆንስ? አቧራማ ፊልም አምጥቶ ነጥቡን ኮከብ ብሎ ሊያሞኘን? ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያስባል ብዬ አላምንም፤ እኔ ግን አሰብኩት።

ከሐሳቡ ያስነሣኝ የመስመሩ ጫፍ ነው፤ ያ እየሳሳ የጠፋው። «ይጠፋልም» ብሎ ነበር በስብሰባው። ማስረጃ አምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ማስረጃው መጥቶ እጄ ውስጥ ገባ፤ አንድ ቀን ተኩል ቁጭ ብዬ አጠፋሁት።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ያ ጥቁሩ ፎቶ ነጥብ ነበረበት።»

«አቧራ።»

«መስመርም ነበረበት።»

«ጠጉር።»

«ጠጉር ከሆነ ነጋቲቩን እንየው።»

ነጋቲቩ እሳቸው ዘንድ ነው የሚቀመጠው። ደስ ሳይላቸው ከሣጥኑ አወጡት። መስኮቱ ላይ አስጠግተን አየነው። ነጋቲቭ ላይ ሁሉም ነገር ይገለበጣል፤ ነጩ ጥቁር ነው። ነጥቦቹ በሙሉ ነበሩ። መስመሩም ነበረ። አቧራ ቢሆን እፍ ስንለው ይሄድ ነበር፤ እፍ አልን፣ አልሄደም። ጭረት ቢሆን ጥፍር ይይዘው ነበር፤ ጥፍሬን ቀስ አድርጌ አሳለፍኩበት፣ አልያዘኝም። ከፊልሙ ሥጋ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔም አቧራ ነው አልኩሽ» አሉ።

«አዎ፣ አሉኝ። የደፈንኩት ግን እኔ ነኝ። ዛሬውኑ ይታተምልኝ።»

«ለደንበኛ ‹ሥራህን አበላሸንብህ› ብዬ አላውቅም። ነገ ሰፈሩ ሁሉ የዚህ ቤት ፎቶ ሐሰት ነው ይላል።»

«ዝም ካልን እውነትም ሐሰት ነው። ሰኞ አትምጪ ካሉኝ አልመጣም። ዛሬ ግን ይታተም።»

ነጋቲቩን አንዴ ደግመው ወደ ብርሃኑ አነሡት። ከዚያ ተነሥተው ጨለማ ክፍል ገቡና በሩን ዘጉ። ሲወጡ ወረቀቱ ገና እርጥብ ነበር። ጀርባው ላይ ቁጥር አልጻፉበትም፤ በእርሳስ «አይነካም» ብለው ጽፈዋል። የመጀመሪያውን፣ የጸዳውን፣ መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ሄዶ ነበር። ሁለቱንም በአንድ ፖስታ ይዤ ወጣሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሃምሳ አለቃ ግቢ ተሰበሰብን። መምህሩ ባዶ እጁን መጣ። ገና አፉን ሳይከፍት ተነሣሁ።

«ማስረጃውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። እንዴት እንደሆነ ተናገርኩ፤ አቧራ መስሎኝ፣ ሥራዬ ስለሆነ፣ ሳላውቅ። ሁለቱን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። መምህሩ ሁለተኛውን ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

በእድሩ ውስጥ አንድ ሐጂ ነበሩ፣ የጨርቅ ነጋዴ። ስለ ሰማይ አላወሩም። ጥቁሩን ወረቀት አንሥተው ወደ ብርሃኑ ሄዱ፣ ጨርቅ ሲገዙ እንደሚያደርጉት ዘንበል፣ ቀና አደረጉት።

«የተጣፈ ነው» አሉ።

«የቱ ላይ?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ይሄውልዎ፣ ከዚህ ተነሥቶ እስከዚህ። ወረቀቱ ያብረቀርቃል፣ የተጣፈው ግን አያብረቀርቅም። ጥሩ እጅ ነው። ግን ተጥፏል።»

እውነታቸውን ነው። ቀለሜ ደረቅ ስለሆነ ዘንበል ሲደረግ ሁሉም ታየ፤ ነጥቦቹ ሁሉ፣ መስመሩም መሐል ላይ እስከሚያልቅበት። በስንት ዓመት ሥራዬ ያንን ያየብኝ ሰው አልነበረም። አፈርኩም፣ ተመስገንም አልኩ።

ሃምሳ አለቃ ግን በቀላሉ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም። «እሺ፤ እጇ ያጠፋውን እጇ ሊያወጣው አይችልም? ዛሬ ደፈነችው፣ ነገ ከፈተችው። ከእንግዲህ የሷን ፎቶ እንዴት አድርገን እንመን?»

እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር። ነጋቲቩ ጋሼ ዘንድ ቀርቷል፤ ፎቶ ቤቱም እሑድ ዝግ ነው።

የማዶዋ እትዬ አጋጣሚውን አላሳለፈችውም። «ባለፈው ወር ከሰሰችው፣ ዛሬ ጠበቃው ሆነች። ከአቡጀዲው ጀርባ ሌላ ነገር ሳይኖር አይቀርም።»

አንዳንዱ ሳቀ። ያን ጊዜ ባለቤቴ ተነሣ። ከፖሊስ ጣቢያው ቀን ወዲህ ድምፁን ሰው አልሰማውም ነበር።

«እትዬ! ሚስቴን ልቀቂ!» አለ፣ ግቢው እስኪያስተጋባ። «እሷ ሰው ስትጠረጥር ፊት ለፊት ነው፤ ስትሳሳትም ፊት ለፊት ነው። እንዳንዳንዱ በጆሮ አይደለም!»

ከዚያ መምህሩ ወደ ፊት መጣ።

«ዛሬ ያልፋል» አለ። «አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ። በቀራንዮ በኩል ይወጣል፣ በላያችን ያልፋል፣ የሐጂ ባሕር ዛፍ ጋ ሲደርስ ይጠፋል።»

«ለምን ይጠፋል?» አሉ ሐጂ።

«እኛ ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ እሱ ከፍ ያለ ስለሆነ አሁንም ፀሐይ ታበራበታለች። ሲሄድ ሲሄድ የመሬት ጥላ ውስጥ ይገባል።»

«መሬትም ጥላ አላት?»

«ሌሊት የምንለው እኮ እሱ ነው፣ ሐጂ።»

ሃምሳ አለቃ ሰዓታቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ፍርዱ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ተቀጠረ። ገና አሥራ አንድ ሰዓት ነበር፤ ግን ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። የሄደ ሰው የሆነ ነገር ሊያደርግ ነው የሚል ጥርጣሬ ሁላችንንም ይዞናል። ልጆች ራት ፈልገው መጡ፣ ተመለሱ። ጨለመ። ኮከቦች አንድ አንድ ብለው ወጡ፤ ሳያቸው ጣቶቼ ብሩሽ የጨበጡ መሰለኝ።

«መጣ!» አለ መምህሩ።

በቀራንዮ ዛፎች ላይ አንድ ብርሃን ወጣ። እንደ ትልቅ ኮከብ ነው፤ አይርገበገብም፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል።

«አይሮፕላን ነው» አለች የማዶዋ እትዬ።

«ድምፁስ?» አላት አንዱ።

ሁላችንም ዝም ብለን አዳመጥን። ድምፅ የለውም። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ቆመ። እዚያ ላይ ጥርጣሬዬ አሸነፈኝ። ሁሉም ሰማይ ሲያይ እኔ ፊታቸውን ማየት ጀመርኩ። ጆሮ ጠቢ ሰማይ አያይም ብዬ ነው፤ እንጀራው ሰው ነውና። አንድ በአንድ አለፍኳቸው። ሐጂ አፋቸው ተከፍቷል። ባለቤቴ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጓል። ከዚያ ከወዲያ ጥግ፣ እንደኔው ሰማዩን ትቶ የሰው ፊት ሲመረምር ከነበረ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ቶሎ ቀና አለ። ማን እንደነበር አልጽፍም። እኔም ያን ጊዜ የማደርገው እሱ ያደረገውን ነበርና ማስረጃ አይሆንም።

«ጠፋ! ጠፋ!» ሲሉ ቀና አልኩ፤ አመለጠኝ። ጥቁር ብቻ ነበር።

«ባሕር ዛፉን አልፏል!» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ባሕር ዛፉ ጋ ነው ያለው፤ አንድ ክንድ አልፎ ነው የጠፋው!»

«ሃምሳ አለቃ» አልኳቸው፣ «የተከሰሰው ባሕር ዛፉ ነው ወይስ ሰውየው?»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ጢማቸው ሥር ሳቁ። ሐጂ ሁለተኛውን ፎቶ በፋኖስ ብርሃን አስጠግተው አዩት። መስመሩን በጣታቸው ተከትለው ሄደው መሐል ላይ፣ እየሳሳ በሚጠፋበት ቦታ ቆሙ። «ይሄው ነው» አሉ። ከሐጂ በኋላ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ሁሉም ጣቱን እዚያችው ቦታ ላይ አቆመ።

መምህሩ ከእድሩ አልተሰረዘም። እኔ ግን አንድ ነገር ጠየቅሁ። «ባለፈው ወር መክሰሴ መዝገብ ላይ ተጽፏል። መሳሳቴም ይጻፍ።» ጸሐፊው አያስፈልግም ቢልም እስኪጽፍ ድረስ ከፊቱ አልተነሣሁም። ሰኞ ፎቶ ቤት ስገባ ጋሼ የሠርግ ፎቶ ቆልለው ጠበቁኝ። ከዚያ በኋላ ግን የማላውቀው ፎቶ ሲመጣ «ይሄ ምንድን ነው?» ሳልል ብሩሽ አላነሣሁም።

ባለቤቴን ማን እንደጠቆመው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መምህሩ እንዳልሆነ ደግሞ በሳተላይቱ አልተረጋገጠም፤ ሰማይ የሚያነሣ ሰው ጆሮ የለውም ማለት አይደለም። የተረጋገጠው ሰማይ ማንሣቱ ብቻ ነው። ከዚያ አልፌ ሌላ ነገር ልጭንበት መብት አልነበረኝም።

አቡጀዲውን ግን አላወረድኩትም። በዚያው ሳምንት አንድ ምሽት መምህሩ በአጥሩ በኩል ጠራኝ። «እትዬ፣ ያን ቀን ሲጠፋ አላዩትም አሉ። ዛሬ ያልፋል፤ ይምጡና በመነጽሩ ይዩት።» ሰው እንዳያማኝ አማቴን አስከትዬ ሄድኩ። እናቱ በር ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣ ነበር፤ ጉንጯን ስሜ ወደ ቱቦው ሄድኩ።

«መጀመሪያ ወደ ግቢዬ አዙረው» አልኩት።

«ወደ ግቢዎ?»

«ምን ማየት ትችል እንደነበር ማወቅ አለብኝ።»

አልተቆጣም። ካሜራውን ፈቶ ማያ መስታወት ገጠመበት፣ ቱቦውን ወደ አጥሩ አዘነበለው። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ዓለም ተገልብጣለች፤ መስታወቱ ሁሉን ነገር ጣሪያውን ወደ ታች አድርጎ ነው የሚያሳየው። የአቡጀዲዬ ስፌት ክሩ ሳይቀር ታየኝ። ከአቡጀዲው ጫፍ አልፎ ደግሞ የተዘቀዘቀ የባኞዬ ከንፈር፣ በላዩም የሰቀልኩት ፎጣ ታየ። ሁሉም ነገር ይታይ ነበር። ፍርሃቴ ከንቱ አልነበረም።

ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ወደኔ አላየም፤ ወደ ቀራንዮ በኩል ሰማዩን ይጠብቃል።

«ይታያል» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ለዚህ ነው ወደዚያ የማላዞረው።» ከዚያም ዓይኑን ከሰማዩ ሳያነሣ፣ «አቡጀዲውን አንድ ክንድ ከፍ ያድርጉት» አለኝ።

ሳተላይቱ አለፈ፣ ሲጠፋም አየሁት። ቤቴ እንደገባሁ መዶሻውን ፈለግሁ።